ኮዱ ከቁልፉ ላይ የወረደ ዕለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ ስለ ድረ ገጽ አኒሜሽን የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ በጉጉት፣ አንዴ በንዴት። ጸሐፊው ፍላሽን፣ ያንን የድረ ገጽ አኒሜሽን ይሠራበት የነበረውን ፕሮግራም፣ በሁለት አንቀጽ ሸኝተውታል። የፍላሽ የኮድ ቋንቋ የነበረው አክሽንስክሪፕት ከድረ ገጾች ቋንቋ ከጃቫስክሪፕት የተቀዳ መጫወቻ ነበር ይላሉ። በ2010 አፕል ገደለው ይላሉ። ዛሬ ከእሱ የተረፈ ነገር የለም ብለው ይዘጋሉ።

እኔ በዚህ ቋንቋ ኑሮዬን ገፍቼበታለሁ። ዝም ብል ይቆጨኛል። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሶፍትዌሮቹ ስማቸው ላይ ሳይቀር ዓመት ስለሚለጥፉ ሌላው ያምታታል።)

በመጀመሪያ፣ ፕሮግራመር አይደለሁም። ሠዓሊ ነኝ። ለመማሪያ የሚሆኑ አኒሜሽኖች እሠራለሁ፤ ልብ ደም ስትረጭ፣ ፕላኔቶች ሲዞሩ፣ ውሃ ተንኖ ደመና ሲሆን። ኮድ የሚባል ነገር የመጣብኝ በ1999 ነው፣ በፍላሽ 4። መጣብኝ ያልኩት አውቄ ነው።

ከዚያ በፊት ያለውን ቶሎ ልለፈው። ጆናታን ጌይና ባልደረቦቹ በብዕር ለሚታዘዙ ኮምፒውተሮች የሚሆን የሥዕል ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ኮምፒውተሮቹ ገበያ አጡ። ፕሮግራሙ ወደ አኒሜሽን ዞረና ፊውቸርስፕላሽ አኒሜተር ተባለ። በ1996 መጨረሻ ማክሮሚዲያ የተባለ ኩባንያ ገዛው፤ ስሙም ፍላሽ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ፍላሾች ቋንቋ ሊባል የሚችል ነገር አልነበራቸውም። ጥቂት ትእዛዞች ነበሩ፦ ተጫወት፣ ቁም፣ ወደዚህ ፍሬም (ወደዚህ የአኒሜሽኑ ነጠላ ሥዕል) ሂድ፣ ያንን ገጽ ክፈት። በቃ።

ፍላሽ 4 ቁጥር መያዝ፣ ማስላት፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» ማለትና መደጋገም ቻለ። ግን ኮዱ አይጻፍም ነበር። የመደመር ምልክቷን እጫናለሁ፣ ዝርዝር ይወርዳል፣ ትእዛዝ እመርጣለሁ፣ ከዚያ ባዶ ሳጥኖቹን እሞላለሁ። ቅጽ እንደ መሙላት። አንዱን ሥዕል በሌላው ውስጥ ካስቀመጥኩ አድራሻውን በእዝባር እየለየሁ እሰጣለሁ። ዛሬ የሚሰማ ሰው ይስቃል። እኔ ግን ኮድ ያልፈራሁት በዚያ ምክንያት ነው። ነጠላ ሰረዝ ረስቼ የሚበላሽ ነገር አልነበረም።

ያኔ አንዲት መስመር ተማርኩ። ኳስ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እንድትሄድ ተፈለገ እንበል። በእኩል ፍጥነት ሄዳ ድንገት ቀጥ ካለች ማሽን ትመስላለች። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፍሬም የቀራት መንገድ ለአምስት ይካፈላል፣ አንዱን እጅ ብቻ ትሄዳለች። 100 ፒክስል ቢቀራት መጀመሪያ 20 ትሄዳለች። ከቀረው 80 ደግሞ 16። ከ64 ወደ 13 ገደማ። እየቀረበች በሄደች ቁጥር እየዘገየች፣ መጨረሻ ላይ ቁጭ ትላለች። ፍላሽ ያኔ አዲስ ፋይል ሲከፍት በሰከንድ 12 ፍሬም ነበር የሚሰጠው። በዚያም ሆኖ ኳሷ ነፍስ ያላት ትመስል ነበር። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ አየኋት።

ይህችን መስመር ከሃያ ዓመት በላይ ይዣት ዞሬአለሁ። በየስሪቱ እንደገና ጽፌአታለሁ። የአክሽንስክሪፕትን ታሪክ የማውቀው በእሷ ነው፤ እዚህም በእሷ ብነግራችሁ ይሻለኛል።

በ2000 ፍላሽ 5 መጣ። አክሽንስክሪፕት የሚለው ስም በይፋ የተሰጠው ያኔ ነው። ዋናው ቀራጩ ጌሪ ግሮስማን ነበር። ቋንቋውን የሠራው በኤክማስክሪፕት ላይ ተመሥርቶ ነው። ጸሐፊያችሁ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ጃቫስክሪፕትን ብሬንዳን አይክ በ1995 ለብሮውዘር ሠሪው ለኔትስኬፕ ሠራው፤ በ1997 ኤክማስክሪፕት በሚል ስም ደረጃ ወጣለት። አክሽንስክሪፕት ያንን ደረጃ ወሰደ። ይህ መቅዳት ከተባለ ይባል። ከዚያ በኋላ ማን ከማን እንደቀደመ ግን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የፍላሽ 5 ትልቁ ነገር፣ ለእኔ፣ ደረጃው አልነበረም። ኮዱ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ማያው ላይ የሣልኩትን የሚጫኑት ቁልፍ እመርጣለሁ፣ የኮድ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዚያው ቁልፉ ላይ «ጣት ሲለቅህ ይህን አድርግ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ኳሷን እመርጣለሁ፣ ኳሷ ላይ «ፍሬም በገባ ቁጥር የቀረሽን ለአምስት አካፍለሽ ሂጂ» እላታለሁ። ሦስት መስመር። ኳሷን ኮፒ አድርጌ ሌላ ቦታ ስለጥፋት ጠባይዋን ይዛ ትሄዳለች። ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ የሚገባ ነገር የለም። ሥዕሉና ጠባዩ አንድ ገላ ናቸው።

መስኮቱ ደግሞ ሁለት መልክ ነበረው። አንዱ እንደ ድሮው እየመረጡ የሚሞሉበት። ሌላው በነጻ የሚጽፉበት፣ የባለሙያ የሚባለው። እኔ በመጀመሪያው ገብቼ፣ ቀስ በቀስ፣ አንድ ቀን ሳላስበው ሁለተኛው ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

ፕሮግራመሮች ይህን አሠራር ይጠሉት ነበር። እውነት አላቸው። የሌላ ሰው ፋይል ሲመጣ ኮዱ የት እንዳለ አይታወቅም። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ጀምሮ የተወው ሥራ ተሰጠኝ። አኒሜሽኑ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ራሱን ይመልሳል። ሁለት ቀን ፈለግኩ። ኮዱ የተገኘው ከሥዕሉ ሥር፣ ከማይታይ ቁልፍ ላይ፣ ስም እንኳ ያልተሰጠው። ያን ቀን እኔም ተሳድቤአለሁ።

በ2002 ፍላሽ ኤምኤክስ መጣ። ኳሷ ላይ መጻፍ ሳያስፈልግ ከሩቅ ሆኖ በስሟ ጠርቶ ማዘዝ ቀለለ። ይህ ጥሩ ነበር፤ የፈለገ ይጠቀማል፣ ያልፈለገ ይተዋል። ብዙ አልልበትም።

ፍላሽ ኤምኤክስ 2004 ግን የራሱ ጉድ ነበረው። በ2003 መገባደጃ ነው የወጣው። አክሽንስክሪፕት 2 ይዞ መጣ። ክላስ (የነገሮች ንድፍ)፣ ውርስ (አንዱ ንድፍ የሌላውን ጠባይ መውሰዱ)፣ የዓይነት ምልክት፤ ማለትም ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ አድርጎ «ይህ ቁጥር ነው» ወይም «ይህ ጽሑፍ ነው» ብሎ መናገር። ውስጡን ስናየው ግን ኮዱን የሚያስኬደው ያው የቀድሞው ሞተር ነበር። ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍነውን ኮድ ለማሽን የሚተረጉመው፣ ዓይነቱን አይቶ ይቆጣል፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ አሮጌው መልክ ይፈታዋል። አዲስ ካፖርት፣ አሮጌ ሰው።

ሌላም ነገር ተቀየረ፤ ዋጋውን የከፈልኩት በእሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ፍላሽ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም ነበር። የላቲን ፊደል ነው የምላችሁ። ስኮር የሚለውን ቃል አንድ ቦታ በትንሽ ፊደል፣ ሌላ ቦታ በትልቅ ብጽፈው ግድ የለውም። ደግሞም ያልተሞላ ነገር ላይ ቁጥር ብደምር እንደ ዜሮ ይቆጥርልኛል። በዚህ ስሪት፣ በሰባተኛው፣ ሁለቱም ቀሩ። ፊደል ተለየ። ያልተሞላ ነገር ሲደመርም ውጤቱ ናን ሆነ፣ «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው።

ለአንድ ድርጅት የሠራተኞች ሥልጠና ጥያቄና መልስ ሠርቼ ነበር። አሮጌውን ፋይል ከፍቼ አንድ ሥዕል ቀየርኩና በአዲሱ ስሪት አወጣሁት። ኮዱን አልነካሁም። በማግስቱ ስልክ ተደወለ። «ሁሉም ሰው ውጤቱ ናን ነው። ናን ማለፊያ ነው ወይስ መውደቂያ?» አሉኝ። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ነጥቡን በትንሽ ፊደል ከዜሮ አስጀምሬ፣ በትልቅ ፊደል እየደመርኩ ነበር ለካ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስህተቴን ተሸክሞልኛል ፍላሽ።

አስተውሉ፣ አሮጌው የወጣ ፋይል አልተበላሸም። የፍላሽ ማጫወቻ ፋይሉ በየትኛው ስሪት እንደወጣ አይቶ በዚያ ዘመን ሕግ ያጫውተዋል። ይህን ትዕግሥት በሌላ ሶፍትዌር ብዙም አላየሁም። የተበላሸው እኔ እንደገና ሳወጣው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግን እንደኔ ያለ ሰው እንደሚያጠፋ መገመት ከባድ አልነበረም።

በዚያው ስሪት ያ እየመረጡ የሚሞሉበት መስኮት ተነሳ። ሰው ጮኸ። በ2005 ፍላሽ 8 ስሙን ቀይሮ መለሰው። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በሩ እየጠበበ እንደነበር ሠሪዎቹም ያውቁ ነበር።

በ2005 መጨረሻ የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቢ ማክሮሚዲያን ጠቅልሎ ወሰደ። በ2006 ፍላሽ ማጫወቻ 9 ከአክሽንስክሪፕት 3 ጋር መጣ። ይህ ካፖርት መቀየር አልነበረም። ሌላ ሰው ነው የመጣው። አዲስ ሞተር ተሠራ፤ አሮጌው ለአሮጌ ፋይሎች ሲባል ጎኑ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ አንድ ቤት እየኖሩ አይነጋገሩም ነበር። አዲሱ ፋይል አሮጌውን ከፍቶ ማሳየት ይችላል፣ ማዘዝ ግን አይችልም። ከመካከላቸው መልእክት የሚያመላልስ ዘዴ ካልተበጀ በቀር።

እኔ የደረሰኝ በ2007 ነው፣ በፍላሽ ሲኤስ 3። ዕለቱን አልረሳውም። ቁልፌን ሣልኩ። መረጥኩት። የኮድ መስኮቱን ከፈትኩ። መስኮቱ፣ በመረጥከው ነገር ላይ ኮድ ማድረግ አይቻልም አለኝ። ፕሮግራሙ የተበላሸ መሰለኝ። ዘግቼ ከፈትኩ። ያው። በአክሽንስክሪፕት 3 ኮድ የሚቀመጠው ወይ ታይምላይኑ (ፍሬሞቹ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ነው፣ ወይ ራሱን በቻለ የክላስ ፋይል ውስጥ። ቁልፍ ላይ ክልክል ነው። ኳስ ላይ ክልክል ነው።

ያቺን መስመር ጻፍኳት። የማስመጫ መስመሮች፣ የጥቅል ስም፣ የክላስ ስም፣ መነሻ ፈንክሽን፣ ፍሬም ሲገባ የሚያዳምጥ፣ ሲያበቃ ማዳመጡን የሚያቆም። ከደርዘን በላይ መስመር ሆነ። መሐል ላይ ያቺው ናት፣ የቀረውን ለአምስት አካፍል። በድግስ መሐል የጠፋች ሙሽራ መሰለችኝ።

ትንንሾቹም ነገሮች ተቀያየሩ። ድሮ ግልጽነት ከ0 እስከ 100 ነበር፤ አሁን ከ0 እስከ 1 ሆነ። በልማድ 50 ብዬ ጽፌ ሥዕሉ ለምን እንደማይደበዝዝ ግማሽ ቀን ስቆጣ ዋልኩ። የንብረቶቹ ስም ፊት የነበረችው የታች ሰረዝ ተነሳች። አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩት ሠዓሊዎች ሁለቱ ያኔ ኮዱን ለፕሮግራመር ትተው ወደ ሥዕላቸው ብቻ ተመለሱ። አልፈርድባቸውም።

እንግዲህ ፍትሐዊ ልሁን። አክሽንስክሪፕት 3 እጅግ የተሻለ ቋንቋ ነበር። አዶቢ እስከ 10 እጥፍ ይፈጥናል ይል ነበር፤ እኔ አልለካሁትም፣ ግን መቶ ኳስ ላይ ይንቀራፈፍ የነበረው ሥራዬ ሺህ ኳስ ላይ ደፋር ሆነ። ሰዎች በብሮውዘር ውስጥ ባለ ሦስት ገጽታ ዓለም ሠሩበት። በ2009 ፌስቡክን ያጥለቀለቀው ፋርምቪል የተሠራው በፍላሽ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቋንቋው መናገር ጀመረ። ድሮ የሌለ ነገር ብጠራ ዝም ነበር የሚለኝ። አዲሱ «ስህተት ቁጥር 1009» ብሎ ይጮሃል፤ የሌለ ነገር ላይ ትእዛዝ ሰጥተሃል ማለት ነው። ይህን ቁጥር የማያውቅ የዘመኑ የፍላሽ ሰው የለም። በሕልሜ አይቼው አውቃለሁ። ቢሆንም ከዝምታ ይሻላል፤ የናን ጉድ በ1009 ዘመን ቢሆን ኖሮ ስልክ ሳይደወልልኝ ባወቅኩት።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ሁለቱም መኖር ይችሉ ነበር ነው የምለው። ቁልፍ ላይ የተጻፈን ኮድ ኮምፓይለሩ ራሱ ወደ ትክክለኛው መልክ ሊፈታው ይችል ነበር፤ በ2003 ክላስን ወደ አሮጌው መልክ ሲፈታ የነበረው እሱ አይደል? ፕሮግራመሩ ትልቅ በር ተከፈተለት፣ ደስ ይበለው። የሠዓሊው ትንሿ በር ግን መዘጋት አልነበረባትም። ፍላሽን ከሌላው የለየው እሷ ነበረችና። ሰው ቋንቋውን መተው የጀመረው ስልኮቹ ሳይመጡ በፊት ነው የምለው ለዚህ ነው። ማስረጃዬ ሁለት ጓደኞቼና እኔ ብቻ ነን፤ ጸሐፊያችሁ ሊከራከሩኝ ይችላሉ።

ወደ ማን ከማን ቀደመ እንመለስ። አክሽንስክሪፕት 3 የተሠራው በአራተኛው የኤክማስክሪፕት ረቂቅ ላይ ነው። ጃቫስክሪፕትም በዚያ መንገድ ሊሄድ ታስቦ ነበር። አዶቢ የአዲሱን ሞተር ልብ በ2006 ለፋየርፎክስ ብሮውዘር ሠሪው ለሞዚላ ሰጠ። ከዚያ ደረጃውን የሚያወጣው ኮሚቴ አልተስማማም፤ በ2008 ረቂቁ ተጣለ። አክሽንስክሪፕት 3 መሠረቱ በተሰረዘ ካርታ ላይ የቆመ ቤት ሆኖ ቀረ። ጃቫስክሪፕት ክላስ የሚለውን ቃል ያገኘው በ2015 ነው። አክሽንስክሪፕት በ2003 ይዞት ነበር። ማይክሮሶፍት በ2012 ያወጣው ታይፕስክሪፕት የሚባል ቋንቋ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ አድርጎ ዓይነቱን ይናገራል። መጀመሪያ ሳየው የድሮ ፋይሌን የከፈትኩ ነው የመሰለኝ። ዛሬ በድረ ገጽ አኒሜሽን ሠሪዎች ዘንድ የታወቀው ጂሳፕ የሚባለው የማንቀሳቀሻ ኮድ ስብስብ ደግሞ በአክሽንስክሪፕት ተወልዶ በ2012 ወደ ጃቫስክሪፕት የተሻገረ ነው። የተረፈ ነገር የለም ማለት ይህን ሁሉ አለማየት ነው።

ስለ 2010ም አንድ እርማት። አይፎን በ2007 ሲወጣ ጀምሮ ፍላሽ አልነበረውም። በ2010 ሚያዝያ የሆነው የአፕሉ አለቃ ስቲቭ ጆብስ ለምን እንደማይቀበሉት በግልጽ ደብዳቤ መጻፉ ነው። አዶቢ ለስልክ ብሮውዘሮች የሚሠራውን ማጫወቻ ያቆመው በ2011 ኅዳር ነው። ሙሉ በሙሉ እንደሚያበቃ ያስታወቀው በ2017 ሐምሌ፣ ያበቃው ደግሞ በ2020 ታኅሣሥ 31 ነው። ከ2021 ጥር 12 ጀምሮ ማጫወቻው ራሱ አላጫውትም አለ። ቋንቋው እንኳ ዛሬም አለ። አክሽንስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያሄደውን ኤር የተባለ ፕሮግራም በ2019 ሃርማን የተባለ ኩባንያ ተረክቦ ይዞታል። እነዚህን ዓመቶች ብታስተካክሏቸው ደስ ይለኛል።

እኔ አሁን የምሠራው ፍላሽ አኒሜት ተብሎ ከተሰየመ በኋላ ባለው ፕሮግራም፣ በጃቫስክሪፕት ነው። ኳሷንም አምጥቻታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለተተኪዎች ልንገር፦ በድሮው ፍሬም ቁጥር ከ1 ይጀምራል፣ በአዲሱ ከ0። «ወደ ፍሬም 1 ሂድ» ሲባል ሁለተኛው ላይ ይቆማል። አንድ ከሰዓት በኋላዬ በዚህ ሄዷል።

ጽሑፋችሁን ካነበብኩ በኋላ የድሮ ዲስኮቼን አወጣሁ። ራፍል የሚባል አሮጌ የፍላሽ ፋይሎችን በዛሬ ብሮውዘር የሚያጫውት ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ኢንተርኔት አርካይቭም ያሰባሰባቸውን ፍላሾች የሚያሳየው በእሱ ነው። የራፍል ሠሪዎች መጀመሪያ በደንብ ያስኬዱት የአሮጌውን ሞተር ፋይሎች ነበር፤ አዲሱ ብዙ ቆይቶ ነው የተከተለው። በ2007 በክላስ አሳምሬ የጻፍኳትን ኳስ ሰጠሁት። የኔ ቅጂ ቆየት ያለ ይሁን አላውቅም፣ ነጭ ገጽ አሳየኝ። የ2002ቷን ሰጠሁት፤ ኮዷ ገላዋ ላይ የተጻፈውን፣ ሦስት መስመሯን።

ቁልፉን ተጫንኩ። ኳሷ ተነሳች። እየቀረበች፣ እየዘገየች ሄዳ ቁጭ አለች።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣው የረጅም ጊዜ አንባቢ